ሰፊ መንገድ ብቻውን አያገናኝም

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

ስለ ትራፊክ መጨናነቅ በጻፋችሁ ቁጥር አነባለሁ። አንባቢዎች የሚልኩላችሁንም አነባለሁ። መፍትሔው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ መንገዱ ይስፋ፣ ማሳለጫ ይሠራ፣ ቀለበት መንገድ ይጨመር። ባለሙያው ይህንኑ ይላል፣ ሹሙም ይህንኑ ይላል፣ ታክሲ ውስጥ የተቀመጠው ሰውም ይህንኑ ይላል። እኔን ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። የመንገድ ስፋት ሁሉም ይለካል፤ መንገዱ ከየትኛው መንገድ ጋር እንደሚገናኝ ዞር ብሎ የሚያይ ግን የለም። ለዚህ ነው ብዕሬን ያነሳሁት። ረዘም ካለባችሁ ታገሱኝ። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ከተማ ትንሽ ሳለ ብዙም ችግር የለበትም። እግረኛ የሠራው ነው። ሰው በእግሩ ሲሄድ አጭሩን ይመርጣል፣ መንገዱም በዚያው ይቀራል። ጠባብ ነው፣ ጠመዝማዛ ነው፣ ግን ከየትም ወደየትም ያስወጣል። ከተማው ማደግ ሲጀምር ቀድሞ የሚሞላው ወደ ሌላ ከተማ የሚወስደው አውራ መንገድ ግራና ቀኝ ነው። መብራቱም ውሃውም ትራንስፖርቱም እዚያ ነዋ። ከመንገዱ ጀርባ ያለው መሬት ለጊዜው ባዶ ይቀራል። ከዚያ ተራው የሱ ይሆናል። አንዱ ቁራሽ ማሳ አግኝቶ ይሸነሽንና ቤት ይሠራበታል፣ ወደ ዋናው መንገድ አንድ መውጫ ያበጃል፣ ዙሪያውን ያጥራል። ከአጠገቡ ያለው ማሳ በሁለተኛው ዓመት እንዲሁ ይሆናል። ሦስተኛውም እንዲሁ። የእያንዳንዱን ፕላን ለብቻው ብታዩት ያምራል፤ ቤቶቹ በሰልፍ፣ የውስጥ መንገዱ የተስተካከለ፣ በሩ ላይ ጥበቃ። ሦስቱን ፕላኖች ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ነው ጉዱ የሚወጣው። የአንዱ መንገድ የሚያልቀው የሌላው አጥር ላይ ነው።

ማንም ክፉ አላሰበም። ገንቢው የተጠየቀው መውጫ እንዳለው ነው፤ አለው። ፈቃድ ሰጪው ያየው ፊቱ የቀረበለትን አንድ ፋይል ነው፤ ፋይሉ የተሟላ ነው። ቤት ገዢውም ጸጥ ያለ ቦታ ፈለገ፣ አገኘ። ሁሉም ሥራውን ሠርቷል፤ የቀረው ማንም የእኔ ሥራ ያላለው ነገር ነው። ከተማው ደግሞ እዚያ ላይ አይቆምም። የትናንቱ ዳር የዛሬ መሀል ይሆናል። ጥቂት መቶ ቤቶች ይበቁኛል ብሎ የተሠራው አንድ መውጫ ከኋላው የመጣውን፣ ከዚያም ኋላ የመጣውን ሁሉ መሸከም ይጀምራል። የመሀል ከተማ ሕዝብ በዳር ከተማ መንገድ ይሄዳል ማለት ነው።

እስቲ አንድ ነገር ከቅርብ እንይ። ሁለት አጥር ግቢዎች አሉ፤ የጀርባ ግንባቸው አንድ ነው። በዚህ በኩል ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ኳሷ ግንቡን ዘላ ወዲያ ማዶ ትወድቃለች። ልጁ በሕጋዊው መንገድ ልሂድ ቢል ከቤቱ ጀምሮ እስከ ግቢው በር መውረድ፣ ዋናው መንገድ ላይ ወጥቶ በመኪና ዳር ዳር መሄድ፣ የሌላውን ግቢ ዘበኛ ማስፈቀድ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ቤት ድረስ መግባት አለበት። ለሦስት እርምጃ ርቀት። ልጁ ምን ያደርጋል? ግንቡን ይዘላል። ግንቡ ላይ እግር የሚያስረግጡ ጉድጓዶች ታያላችሁ፤ ከአንድ ልጅ በላይ እንደተመላለሰባቸው ያስታውቃሉ። አሮጊቷ ግን አይዘሉም። ሕፃን ያዘለችውም አትዘልም። ስለዚህ መኪና ያለው በመኪና ይዞራል፣ የሌለው ይቀራል። መኝታ ቤታቸው በአንድ ግንብ የተለየ ሰዎች ስም ለስም አይተዋወቁም።

ባለሙያዎች የመንገድ አውታርን በሁለት መልክ ይከፍሉታል፤ እንደ መረብ የተያያዘ እና እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የወጣለት። ልዩነቱን በሒሳብ ማየት ይቻላል፣ ቀላል ነው። በወረቀት ላይ 4 በ4 ብሎክ ሥሩ። ከአንዱ ጥግ ተነስታችሁ ወደ ኋላ ሳትመለሱ ሰያፍ ማዶ ወዳለው ጥግ የምትደርሱባቸው የተለያዩ መንገዶች 70 ናቸው። ሁሉም እኩል ርዝመት አላቸው። 10 በ10 ብታደርጉት ደግሞ 184,756 ይሆናሉ። አሁን ዛፉን ሥሩ። ከአንድ ቅርንጫፍ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ የሚወስደው መንገድ ስንት ነው? አንድ። ዛፉ ቢያድግ፣ ቅርንጫፉ ሺህ ቢሆን፣ መልሱ ያው አንድ ነው። ግንዱ ላይ አንድ መኪና ተበላሽቶ ከቆመ፣ አንድ ቱቦ ፈንድቶ ከተቆፈረ፣ ሺውም ቅርንጫፍ ታሰረ ማለት ነው።

ጠዋት ጠዋት ዋናው መንገድ ላይ የምናየው ይህንኑ ነው። እዚያ ሰልፍ ውስጥ ያለው ሁሉ ሩቅ የሚሄድ ይመስለናል። አይደለም። ግማሽ ኪሎ ሜትር የማይሞላ ቦታ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርሰውም እዚያው ነው፣ ምክንያቱም ሌላ መንገድ የለውም፤ የሰፈሩ መንገድ ከሚቀጥለው ሰፈር መንገድ ጋር አይገናኝም። ስለዚህ አገር አቋራጩ የጭነት መኪና፣ አውቶቡሱ፣ አምቡላንሱ እና ለሦስት ደቂቃ ጉዳይ የወጣው ሰው በአንድ አስፋልት ላይ ይጋፋሉ። ከዚያ መንገዱ ይስፋ እንላለን። ይሰፋል። እነዚያው መኪኖች፣ ከአዳዲሶች ጋር፣ ይሞሉታል። ዱራንተን እና ተርነር የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ባለሙያዎች በ2011 የአሜሪካ ከተሞችን መረጃ አጥንተው ያገኙት ይህንን ነው፤ አውራ ጎዳናው በጨመረ መጠን በመኪና የሚነዳው ኪሎ ሜትርም በዚያው ልክ ይጨምራል። የሰፋው መንገድ ሌላም ጣጣ አለው። ድሮ እግረኛው ሮጥ ብሎ የሚሻገረው መንገድ አሁን በአጥር የተከፈለ ወንዝ ሆኗል፣ መሻገሪያው ደግሞ ሩቅ ነው። ለማገናኘት የወጣው ገንዘብ ማዶና ማዶ ያለውን ሰው ለየው።

መጨናነቁን እናየዋለን። የማናየው ግን ብዙ ነው። የቆሻሻ መኪና ጫፉ የተዘጋ መንገድ ውስጥ ገብቶ ማዞሪያ ስለሚያጣ ወደ ኋላ እየነዳ ሲወጣ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ እያጨበጨበ ይመራዋል፣ ልጆች ዳር ይይዛሉ። እያንዳንዱ ዝግ መንገድ ላይ እንዲህ ነው። የውሃ መስመር መንገድን ተከትሎ ስለሚዘረጋ ጫፉ የተዘጋ ሰፈር ውሃውም ጫፉ የተዘጋ ይሆናል፤ ቱቦው በአንድ በኩል ሲሰበር በሌላ በኩል ዞሮ የሚመጣ የለም፣ ጫፍ ላይ ያለው ውሃም ቆሞ ይሰነብታል። አውቶቡስም እንዲሁ። አንድ ፌርማታ 400 ሜትር ድረስ ያለውን ሰው ያገለግላል ይባላል። በካርታ ላይ ክብ ሥላችሁ ብትለኩት 0.5 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰው ግን አይበርም። ጥሩ በተያያዘ የመንገድ መረብ ላይ በእግሩ 400 ሜትር ሄዶ የሚደርስበት ስፋት 0.32 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ዛፍ በሆነ ሰፈር ደግሞ ከዚህ እጅግ ያነሰ ይሆናል። ፌርማታው ከቤታቸው ይታያቸዋል፣ አይደርሱበትም። ከዚያ "ሕዝቡ አውቶቡስ አይወድም" ይባላል።

ይሄ ነገር በአንድ አገር ብቻ የመጣ አይደለም፣ ድንገትም አልመጣም። በ1929 አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ ራድበርን የተባለ ሰፈር ተመሠረተ። ንድፉን የሠሩት ክላረንስ ስታይን እና ሄንሪ ራይት መኪና የሚገባባቸውን መንገዶች ጫፍ ዘጉ፤ ግን ከቤቶቹ በሌላ በኩል ልጆች መኪና ሳያገኛቸው በእግር የሚሄዱበት፣ ሰፈሩን ከፓርኩ የሚያያይዝ የእግር መንገድ ሠሩ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። በኋላ የቀዱት ግን ዝግ መንገዱን ወስደው የእግር መንገዱን ተዉት። ለምን? የእግር መንገድ መሬት ይበላላ። በ1930ዎቹ ደግሞ ለቤት ብድር ዋስትና የሚሰጠው የአሜሪካ የፌዴራል የቤቶች አስተዳደር ሰፈሮች በፍርግርግ መልክ እንዳይሠሩ፣ ዝግ መንገድና ጠመዝማዛ መንገድ እንዲበዛባቸው መከረ። ዋስትና የሚሰጥ አካል ሲመክር ምክር አይባልም፤ ገንቢው ሁሉ እሺ አለ። ባሪንግተን-ሊ እና ሚላርድ-ቦል የተባሉ ተመራማሪዎች የመቶ ዓመቱን መረጃ ሲያዩ አሜሪካ ውስጥ የአዳዲስ ሰፈሮች መንገድ መለያየት ከፍተኛው ላይ የደረሰው በ1994 ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ እዚያ መመለስ ጀምረዋል።

እነሱ ሲመለሱ ሌላው ዓለም ወደዚያው መሄዱ ነው የሚያሳዝነው። እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2020 ባወጡት ጥናት በዓለም ካርታ ላይ ያለውን መንገድ ሁሉ መጋጠሚያ በመጋጠሚያ አስልተውታል። ብዙ ሕዝብ ካላቸው 134 አገሮች ውስጥ በ90 በመቶዎቹ አዲስ የሚሠሩ ሰፈሮች መንገድ ከ1975 ወዲህ እርስ በርሱ የሚያያዝበት መጠን ቀንሷል። ከ2000 ወዲህ መሻሻል ያሳዩት 29 በመቶ ብቻ ናቸው። አጥር ግቢ ውስጥ የሚታየው ዓይነት፣ ዞሮ ዞሮ የትም የማያደርስ መንገድ ድርሻ ደግሞ በእጥፍ ሊጨምር ምንም አልቀረውም። እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ሌላው ግኝታቸው ነው፤ ቀድሞ ያልተያያዘ ከተማ አሁንም የሚያድገው ሳይያያዝ ነው። ልማዱ ይወረሳል።

እዚህ ላይ "ታዲያ ዝግ መንገድ ምን አለው? ጸጥታ አለው፣ ልጅ ይጫወትበታል፣ ሌባ አይገባበትም" የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነቱን ነው። በመስኮቴ ሥር የጭነት መኪና እንዲያልፍ እኔም አልፈልግም። ዝግ መንገድ አዲስ ነገር እንዳልሆነም አውቃለሁ፤ በሰሜን አፍሪካ ጥንታዊ ከተሞች ውስጥ ጫፋቸው የተዘጋ ጠባብ መንገዶች ሞልተዋል፣ ሰውም ለዘመናት በሰላም ኖሮባቸዋል። ግን እነዚያ አጫጭር ናቸው፣ ጥቂት ቤት ነው የሚያስገቡት፣ ሁለት እርምጃ ወጣ ስትሉ ወደ ሁሉም የሚያስኬደውን መንገድ ታገኛላችሁ። የዛሬው ግቢ ሙሉ ሰፈር የሚያህል ነው። አንድን መንገድ መዝጋት ሌላ፣ አንድን ሰፈር መዝጋት ሌላ።

ደግሞስ መኪናን መከልከል ማለት ሰውን መከልከል ማለት ነው ያለው ማን ነው? ኔዘርላንድስ ውስጥ ሃውተን የምትባል ከተማ አለች። መኪና ይዛችሁ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ልሂድ ካላችሁ ወደ ዳር ወጥታችሁ በቀለበት መንገዱ መዞር ግድ ነው። በእግር ወይም በብስክሌት ከሆነ ግን ቀጥ ብላችሁ በመሀል ታልፋላችሁ። ጸጥታው አለ፣ ልጅ ይጫወታል፣ መገናኘቱም አለ። በእኛ ዘመን በብዛት የሚሠራው የዚህ ግልባጭ ነው፤ መኪናውም ይዞራል፣ እግረኛውም አብሮ ይዞራል። ስለ ደኅንነትም ቢሆን ማርሻል እና ጋሪክ የተባሉ ተመራማሪዎች በካሊፎርኒያ 24 ከተሞችን አነጻጽረው ነበር፤ መጋጠሚያቸው የተቀራረበ ከተሞች በትራፊክ አደጋ የሚሞትባቸው ሰው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። መጋጠሚያ ሲበዛ መኪና ቀስ ይላል፣ ነገሩ ይኸው ነው።

የምጨነቀው ለምንድነው ብትሉኝ፣ ይህ ስሕተት ከሌላው የከተማ ስሕተት ስለሚለይ ነው። ቤት ይፈርሳል፣ ይሠራል። መንገድ ግን አንዴ ከተቀየሰ አይነቀልም። በ1666 ለንደን ስትቃጠል የመሀል ከተማው አብዛኛው ክፍል ዐመድ ሆነ። ክሪስቶፈር ሬን ሰፋፊና ቀጥ ያሉ መንገዶች ያሉበት አዲስ ፕላን አቀረበ። ባዶ ሜዳ ነበር፣ ቤት የሚባል የለም። ያም ሆኖ ከተማው በአብዛኛው የተሠራው በድሮዎቹ መንገዶች ላይ ነው። መሬቱ ባለቤት ነበረዋ! ወሰኑ ይታወቃል፣ ባለቤቱ ቤቱን በቶሎ መሥራት ይፈልጋል፣ ለካሳ የሚሆን ገንዘብ የለም። እሳት ያላጠፋውን የመንገድ መስመር ማዘጋጃ ቤት ያጠፋዋል ብላችሁ ታስባላችሁ?

የቻይናን ነገር ተመልከቱ። ለረጅም ጊዜ በግንብ የታጠሩ ትልልቅ የመኖሪያ ግቢዎችን ሲሠሩ ቆይተው፣ ግቢዎቹን የሚከቡት መንገዶች ሜዳ አክለው እንኳን ትራፊኩ አልንቀሳቀስ ሲላቸው በ2016 መንግሥት መመሪያ አወጣ። ከእንግዲህ የተዘጋ ግቢ በመርህ ደረጃ አይሠራም፣ ያሉትም ቀስ በቀስ ይከፈታሉ፣ መንገዱ ጠበብ ጠጋ ጠጋ ብሎ በካሬ ኪሎ ሜትር 8 ኪሎ ሜትር ይድረስ አለ። ሐሳቡ ትክክል ነው። ነዋሪው ግን በኢንተርኔት ላይ ተነሳ፤ በሕጉ መሠረት የግቢው የውስጥ መንገድ የባለቤቶቹ የጋራ ንብረት ነው፣ ገንዘብ ከፍለንበታል፣ በምን ሥልጣን ትከፍቱታላችሁ አለ። ሰዎቹን መውቀስ አልችልም። ግንቡ ከመሠራቱ በፊት አንድ መስመር በካርታ ላይ ማስመር የሚበቃውን ነገር ግንቡ ከተሠራ በኋላ ማድረግ ጦርነት ነው።

እና በፊት ማድረግ ይቻላል ወይ? ይቻላል፣ ተደርጓልም። በ1811 ኒው ዮርክ ማንሃተን ላይ 12 ወደ ላይ የሚሄዱ ጎዳናዎችና 155 አቋራጭ መንገዶች በካርታ ላይ ሲሰመሩ የከተማው ሕዝብ ወደ 96 ሺህ ገደማ ነበር። መስመሩ ያረፈበት ቦታ አብዛኛው እርሻና ኮረብታ ነው። ኮሚሽነሮቹ ራሳቸው ከቻይና ወዲህ የትም ቦታ ያልታየ ሕዝብ የሚበቃው መሬት በመቀየሳችን ሰው ይስቅብን ይሆናል ብለው ጽፈዋል። ዛሬ የሚስቅ የለም። ባርሴሎናም በ1859 የኢልዴፎንስ ሰርዳ ፕላን ሲጸድቅ ከድሮው ግንብ ውጭ ያለው ሰፊ መሬት ገና አልተያዘም ነበር። ብሎኮቹ 113 ሜትር ገደማ፣ አብዛኛው መንገድ 20 ሜትር። ቤቱን የሠራው ሌላ ነው፣ ብዙ ትውልድ ነው፣ የሰርዳ ሐሳብ ውስጥ የነበረው ክፍት የግቢ አረንጓዴም በብዛት ተበልቷል። መንገዱ ግን ቆሟል። ከእነዚህ ከተሞች እኔ የምወስደው ውበታቸውን አይደለም፣ ፍርግርግ ውበት አለው ብዬም አልከራከርም፤ እንዲያውም ተዳፋት ላይ ጭፍን ብሎ የተዘረጋ ፍርግርግ አስቂኝ ነው። የምወስደው ቅደም ተከተሉን ነው። መጀመሪያ የሚያገናኘው መንገድ ቦታው ተያዘ፣ ከዚያ ሽንሸና፣ ከዚያ ቤት።

አስፋልት ይነጠፍ እያልኩ አይደለም፣ ይህ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። ገንዘብ የለም የሚለው መልስ እዚህ ጋ አይሠራም። በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የከተሞችን መስፋፋት ለዓመታት ያጠናው ሽሎሞ ኤንጀል ደጋግሞ የሚለው ከተማ ከመድረሱ በፊት በየ1 ኪሎ ሜትሩ ለዋና ዋና መንገዶች የሚሆን ቦታ ይከበር ነው። ይከበር ብቻ። አፈር ሆኖ ይቆይ፣ ከብት ይሂድበት፣ ብቻ ቤት አይሠራበት። እሱና ባልደረቦቹ 200 ከተሞችን ሲያጠኑ በማደግ ላይ ያሉ አገሮች ከተሞች ሕዝብ ከ1990 እስከ 2015 በእጥፍ ሲጨምር የያዙት መሬት በ3.5 እጥፍ ነው ያደገው። ከሕዝቡ መሬቱ ይቀድማል። ስለዚህ "ሲደርስ እናየዋለን" ማለት አያዋጣም፤ ሲደርስ ቦታው አይኖርም።

በዋና መንገዶቹ መሀል ያለው ደግሞ የገንቢው ድርሻ ነው። በተባበሩት መንግሥታት የሰዎች አሰፋፈር ፕሮግራም ምክር መሠረት ከከተማ መሬት ቢያንስ 30 በመቶው ለመንገድ ይሁን፣ በካሬ ኪሎ ሜትርም ቢያንስ 18 ኪሎ ሜትር መንገድ ይኑር ይላል። ሰው 30 በመቶ ሲባል ይደነግጣል፣ ሰፋፊ ጎዳና ይታየዋል። ሒሳቡን ሥሩት። 30 በመቶውን ለ18 ኪሎ ሜትር ስታካፍሉት የመንገዱ አማካይ ስፋት ከ17 ሜትር ያንሳል፣ ያውም የእግረኛ መንገዱንና የውሃ መውረጃውን ጨምሮ። ብዙና ጠበብ ያለ መንገድ ነው የሚለው። ሌላም የሚገርም ነገር አለ። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ በየ100 ሜትሩ መንገድ ብትዘረጉ ወደ 20 ኪሎ ሜትር መንገድና ወደ 100 መጋጠሚያ ይኖራችኋል። በየ200 ሜትሩ ብታደርጉት መንገዱ በግማሽ ቀነሰ፣ 10 ኪሎ ሜትር ሆነ፤ መጋጠሚያው ግን ወደ 25 ወረደ፣ አንድ አራተኛ ሆነ። መሬት ለመቆጠብ ብሎኩን ትንሽ ማስረዘም የሚያስከፍለው ከሚታየው በላይ ነው ማለት ነው።

መሬቴን ማን ይወስዳል ለሚለውም መንገድ አለው። የፍራንክፈርቱ ከንቲባ ፍራንትስ አዲከስ ያስወጡት የ1902ቱ ሕግ የተበጣጠሱ ይዞታዎችን አንድ ላይ ሰብስቦ፣ ለመንገድ የሚሆነውን ከሁሉም ላይ በየድርሻው ቀንሶ፣ የተረፈውን ቅርጽ አስይዞ ለባለቤቶቹ ይመልሳል። ባለቤቱ መሬቱ ያንሳል፣ ግን መንገድ የነካው ይሆናል፣ ዋጋው ከድሮው ይበልጣል። ጃፓን ይህንን ዘዴ ይዛ ከከተማ መሬቷ ሲሶ የሚጠጋውን አስተካክላበታለች። ቶኪዮም ከ1923ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ሠርታበታለች። አንዱ ሁሉን አጥቶ ጎረቤቱ በነጻ የሚከብርበት ካሳ ከሚባለው ነገር ይህ ሳይሻል አይቀርም።

ከሁሉ ቀላሉን ለመጨረሻ አቆየሁት። አዲስ ሰፈር ሲፈቀድ የውስጥ መንገዱ ቢያንስ በሁለት ሦስት በኩል እስከ ወሰኑ ድረስ ይድረስ፣ ጫፉ ላይ ቤት አይሠራበት፣ ግንብ አይቁምበት። ዛሬ ማዶው ሜዳ ቢሆንም ግድ የለም። ነገ እዚያ የሚመጣው ገንቢ ከዚያ ጫፍ እንዲጀምር ይገደድ። የተዘጉት ነባር ሰፈሮች ውስጥ ደግሞ መኪና ማስገባቱ ይቅር፤ ለእግረኛና ለብስክሌት የሚሆን፣ መብራት ያለው፣ ከሁለቱም ወገን የሚታይ አንድ ክፍት መተላለፊያ ተስማምቶ ማውጣት ከማሳለጫ ድልድይ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው። የሚፈለገው ሲሚንቶ ሳይሆን ሽማግሌ ነው። ሁለቱ ግቢዎች ተቀምጠው ስንት ሰዓት ይከፈት፣ ስንት ሰዓት ይዘጋ ብለው ይነጋገሩ፣ መሞከሪያ ወር ይስጡት።

ለጋዜጣችሁ ያለኝ ጥያቄ ይኸው ነው። አዲስ ሰፈር ሲመረቅ የቤቶቹን ብዛትና የወጣውን ገንዘብ ትጽፋላችሁ። ከእንግዲህ ጋዜጠኛችሁ በዙሪያው አንድ ጊዜ በእግሩ ይዙርና ከጎረቤት ሰፈሮች ጋር በስንት በኩል እንደሚገናኝ ቆጥሮ ከቤቶቹ ቁጥር ጎን ያስፍርልን። መልሱ "በአንድ በር" ከሆነም እሱኑ ይጻፍ፤ ፕላኑን ያጸደቀው ክፍልም ለምን እንደሆነ በዚያው ገጽ ላይ መልስ እንዲሰጥ ጠይቁልን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ